ምጣዱ ሲግል እንጨቱን ጎትት

ልጄ፣

ሕንድ፣ አሕመዳባድ ከገባህ የመጀመሪያው በጋህ ነው። ደረትህን እንደሚያቃጥልህ፣ ሌሊት የእግርህ መዳፍ እንደሚግልብህ፣ ፊትህ ብጉር እንዳወጣና በትንሽ በትልቁ መቆጣት እንዳበዛህ ጽፈህልኛል። የዶርም ጓደኞችህ ደግሞ «ይህማ ፒታ ነው» ብለው በስልክ የሚታዘዝ የዱቄትና የእንክብል ዝርዝር ሰጥተውሃል። ጥያቄህ «የቱን ልግዛ?» የሚል ነው። ከግዢው የሚቀድም ነገር ስላለ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፍልህ ወደድኩ። በወጣትነቴ እዚያው ሕንድ፣ ፑኔ የተማርኩ፣ አዩርቬዳ ከሚባለው የጥንት የሕንድ ሕክምና ሐኪሞች ጋር ቁጭ ብዬ የሰማሁ፣ ዕውቀታቸውንም የማከብር ሰው ነኝ። የምነግርህ ሁሉ ከዚሁ አክብሮት የመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት ሙቀት ሁሉ አንድ እንዳይደለ እወቅ። ቴርሞሜትር ግዛ። ከ38 ዲግሪ በላይ ካሳየህ ትኩሳት ነው፤ ወባ፣ ዴንጊ ወይም ታይፎይድ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት ሄደህ ደምህን ተመርመር። በደንብ እየበላህ ከከሳህ፣ ልብህ ያለ ምክንያት ከመታና እጅህ ከተንቀጠቀጠ ታይሮይድ ዕጢህን አስመርምር። ሳልህ ሁለት ሳምንት ካለፈና ሌሊት በላብ ከተጠመቅህ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አይለፍህ። የእግር መዳፍ ማቃጠልም በስኳር ሕመምና በቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይመጣል። አንተ ጾም የምታበዛ፣ አሁን ደግሞ ሥጋ በማይበላበት ግቢ የምትኖር ልጅ ስለሆንክ ይህን ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገረው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ነፍስ የሚነካው የፀሐይ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2010 አሕመዳባድ 46.8 ዲግሪ ደርሳ ነበር። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት በዚያ ወር ከወትሮው በላይ 1,344 ሰው ሞቷል። ከተማዋ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ ያወጣችው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው። አንድ ሰው በሙቀት መሐል ከቀባዠረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ 108 ደውል፤ ጥላ ውስጥ አስገባው፤ ልብሱን አቅልለህ ሰውነቱን በውሃ አርስ፣ አራግብለት። በዚያ ሰዓት ቅጠል መፈለግ የለም።

ይህ ከተጣራ በኋላ ወደ አዩርቬዳ እንምጣ። ትምህርቱ ሰውነትን ሦስት ኃይሎች ያስተዳድሩታል ይላል፤ ቫታ፣ ፒታና ካፋ። ቫታ የነፋስ፣ ካፋ የውሃና የአፈር፣ ፒታ የእሳት ጠባይ አላቸው። ፒታ ትኩስ ነው፣ ስል ነው፣ ቀላል ነው፣ ይሰራጫል፣ ደስ የማይል ሽታም አለው። መቀመጫው እምብርት አካባቢ ያለው የሆድ ዕቃ ነው። ምግብ የሚፈጨው፣ ደም ቀለም የሚይዘው፣ ዓይን የሚያየው፣ ቆዳ የሚያበራው በፒታ ነው ይላሉ። ስለዚህ በልኩ ሲሆን ወዳጅህ ነው፤ የሚያስቸግርህ ሲተርፍ ነው። በላቦራቶሪ ተለክቶ ቁጥሩ የሚወጣ ነገር እንዳልሆነም እወቅ፤ ዘመናዊ ሕክምናም ይህን አከፋፈል አይጠቀምበትም። እኔ የማየው ብዙ ትውልድ የሰውን ሰውነት ከወቅቱ፣ ከምግቡና ከጠባዩ ጋር እያስተያየ ያቆየው ማስታወሻ አድርጌ ነው። እንደዚያ ብታነበው ብዙ ትጠቀማለህ።

በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ የኖረው ቫግብሃታ «አሽታንጋ ህሪዳያ» በተባለው መጽሐፉ ፒታን የሚያስነሱትን ይዘረዝራል፤ የሚያቃጥል፣ የሚኮመጥጥ፣ ጨው የበዛበትና ሆድ ገብቶ የሚፋጅ ምግብ፤ ከዚያም ቁጣ። የሚነሣበትንም ጊዜ ይናገራል፤ እኩለ ቀን፣ እኩለ ሌሊትና ከዝናቡ ወራት ማግሥት ያለው ወቅት። ከእሱ የቀደመው የሱሽሩታ መጽሐፍ ደግሞ ሕክምና ባጭሩ ሲነገር የበሽታውን መንስኤ መተው ነው ይላል። የምክሬ ሁሉ ራስ ይህ ነው። ምጣድ አለልክ ሲግል እናትህ ምን ታደርግ እንደነበር አስብ። ቀዝቃዛ ውሃ አትደፋበትም፤ ይሰነጠቃል። ከሥሩ እንጨት ትጎትታለች።

ፑኔ ሳለሁ አንድ አዛውንት ቫይድያ፣ የአዩርቬዳ ሐኪም ማለት ነው፣ ሕመምተኛ ሲቀበሉ አይ ነበር። ምላስ ያያሉ፤ የእጅን ትርታ በሦስት ጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ራት መቼ በላህ? ከምሳው ጋር አቻር የሚባለው ኮምጣጣ ማባያ ነበረ? ከማን ጋር ተጣላህ? ወረቀቱ ላይ ከላይ የሚጽፉት የሚቀረውን ነገር ነበር፤ የሚዋጠው ከታች ይመጣል፤ አንዳንዱ ሰው የሚዋጥ ነገር ሳይጻፍለት ይሄዳል። አንተም ለራስህ እንደዚያ ጻፍ።

መጀመሪያ የሚጎተተው እንጨት በርበሬ ነው። ከቤት የተላከልህን በርበሬ በሕንዱ ቺሊ ላይ እየደረብክ እንደምትበላ አውቃለሁ፤ ናፍቆት ነው፣ አልፈርድብህም። ግን ሚጥሚጣም ሆነ ቺሊ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚያነቃው፣ ነርቮቻችን ላይ ያለውንና ለሚያቃጥል ሙቀት የሚነቃውን ያንኑ ተቀባይ ነው። ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት የተካፈሉት ይህን ተቀባይ በማግኘታቸው ነው። የጥንቶቹ «ያቃጥላል» ያሉት ምግብ እውነትም አንጎልህ ዘንድ የሚደርሰው እንደ እሳት ሆኖ ነው፤ የሚያልብህም ለዚህ ነው። መፍትሔው ከቤትህ ወጥ ሩቅ አይደለም፤ አልጫ ሥራ። ማሾ ክክ ገዝተህ በእርድ፣ በድንብላልና በጥቂት ከሙን ቀቅለው። አዩርቬዳ ማሾን ከጥራጥሬ ሁሉ ለሆድ የሚቀል፣ ሙቀት የማያስነሣ አድርጎ ያየዋል፤ ከሩዝ ጋር የሚቀቀለው ኪችሪም በሕንድ ቤት ሁሉ የሕመምተኛ ምግብ ነው።

ሁለተኛው ጎምዛዛው ነው። አቻሩ፣ ታማሪንዱ፣ ኮምጣጤው፣ ድሆክላ የሚባለው የቦካ ምግባቸው ሁሉ በዚያ መዝገብ ፒታ ጨማሪ ነው። በዚያ መለኪያ የቦካው እንጀራችንም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል። እንጀራህን ተው አልልህም፤ እንጀራ በበላህበት ማዕድ ግን ቲማቲሙን፣ ሎሚውንና አቻሩን አትደርብበት። ሦስተኛው ባዶ ሆድ ላይ የሚጠጣው ቡናና ቁንዶ በርበሬ የገባበት ሻይ ነው። ከቁርስ በኋላ አድርገውና ስኒውን ቀንስ።

አራተኛው ሌሊት ነው፤ የምታነበው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው አልከኝ። እኩለ ሌሊት ፒታ የሚነሣበት ሰዓት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ነቅቶ የተገኘ ሰው ይርበዋል፣ ይበላል፣ ይግላል ይላሉ። ሐኪሞችም በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳሉ፤ በልተህ ወዲያው ስትጋደም የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ይመለሳል፤ ደረትህን የሚያቃጥልህ ይኸው ነው። ትልቁን ምግብህን ቀትር ላይ ብላ፤ ራትህን ከመኝታ ሦስት ሰዓት አስቀድም፤ ማታ አራት ሰዓት ገደማ አልጋህ ላይ ሁን። ንባቡን ሲነጋ፣ ከተማው ሳይግል አድርገው። አምስተኛው የቀትር ፀሐይ ነው። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ጊዜ ጥላ ውስጥ አሳልፈው፤ ገበያውንም ኳሱንም ማለዳና ማታ አድርገው።

እንጨቱ ከተጎተተ በኋላ ስለሚጨመረው እንነጋገር። ያለህበት ጉጃራት እንስላል በሰፊው የሚያመርት አገር ነው፤ የኡንጃ ገበያ በእንስላልና በከሙን የታወቀ ነው። በበጋ እዚያ የሚጠጣው ቫሪያሊ ሸርበት ከዚሁ ይሠራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የእንስላል ፍሬ ማታ በውሃ ትዘፈዝፋለህ፤ ጠዋት ከጥቂት ስኳር ጋር ትፈጨዋለህ፤ በነጠላ ጨርቅ አጥልለህ በብዙ ውሃ ታቀጥነዋለህ። ቀለሙ አረንጓዴ ቢጤ፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለ ነው። ሁለተኛው የድንብላል ውሃ ነው። የድንብላል ፍሬ ወቀጥ ወቀጥ አድርገህ በስድስት እጥፍ ቀዝቃዛ ውሃ ታሳድረዋለህ፤ ጠዋት አጥልለህ ስኳር ነካ አድርገህ ትጠጣዋለህ። ሳይፈላ በቀዝቃዛ ውሃ የሚያድር ይህ አሠራር የሻርንጋድሃራ መጽሐፍ ውስጥ ያለ የቆየ መድኃኒት ነው፤ የሚሰጠውም ለውስጥ ማቃጠልና ለጥም ነው።

ሦስተኛውን ታውቀዋለህ፤ በሶ ነው። ሌላው የጥንት የአዩርቬዳ ሐኪም ቻራካ በበጋ እንዲጠጣ የሚመክረው የተቆላ እህል ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃና በስኳር ተበጥብጦ ነው፤ ዛሬም በቢሃር ሳቱ እያሉ በበጋ ይጠጡታል። ገብስ በአዩርቬዳ ቀዝቃዛ እህል ነው። ለእናትህ በሚቀጥለው ጊዜ ከበርበሬው ይልቅ በሶ ትላክልህ ብያታለሁ። ከእነዚህ ጋር ኪያር፣ ሐብሐብ፣ የኮኮናት ውሃ፣ ጣፋጭ ሮማን፣ የተዘፈዘፈ ዘቢብ ያዝ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጣፋጭ፣ መራራና አፍ የሚይዝ ጣዕም ፒታን ያበርዳል፤ የሚያቃጥል፣ የሚኮመጥጥና ጨዋማ ያስነሣዋል። ብዙ ላብ በላበህ ቀን ግን ላብ ጨው ይዞ እንደሚወጣ አትርሳ፤ ያን ዕለት ከፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ ገዝተህ በጥብጠህ ጠጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን ነገሮች ልንገርህ። እርጎ ስትነካው ቀዝቃዛ ነው፤ በአዩርቬዳ ግን የሚያሞቅ ነው፤ ማታ መብላቱንም ይከለክላሉ። ጉጃራቶቹ ከምሳ ጋር የሚጠጡት እርጎውን በብዙ ውሃ አቅጥነው፣ የተቆላ ከሙን ነስንሰው ነው። በማርም ተጠንቀቅ፤ ቻራካ የሞቀ ማርንም ሆነ ሙቀት ለበዛበት ሰው ማር መስጠትን ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ሙቀት ለማብረድ ብለህ ጠዋት ጠዋት የምትጠጣውን የማርና የሙቅ ውሃ መጠጥ ተወው። እኛ ለሆድ ለስላሳ ነው የምንለውን አብሽም እነሱ ከሚያሞቁት ይመድቡታል። ቅቤ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ንጥር ቅቤ ለፒታ ከሁሉ ይበልጣል ይላሉ። የሚሉት ግን ያለ ቅመም የነጠረውን ነው። ኮረሪማ፣ አብሽና ነጭ አዝሙድ የገባበት የኛ ቅቤ በዚያ መለኪያ ሌላ ነገር ነው። ከምሳህ ጋር አንዲት የሻይ ማንኪያ ትበቃሃለች፤ ቅቤ ቅባት ነው፣ ብዛቱ ለልብ አይበጅም። በረዶ የገባበትን ውሃም ከምግብ ጋር አትጠጣ፤ የምግብ መፍጫውን እሳት ይገድላል ይላሉ፤ ምጣድ ላይ ውሃ የመድፋት ያህል ነው።

ለውሃህ ማትካ ግዛ፤ መስታወት ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ነው። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ እየጠለለ ከውጭ ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አሕመዳባድ በጋው ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል፤ ባሕር ዳር ባሉት በሙምባይና በቼናይ እርጥበቱ ስለሚከብድ ያን ያህል አያበርድም። ማሰሮውን አየር የሚያገኘው ጥላ ላይ አስቀምጠው፤ ውስጡን ቶሎ ቶሎ እጠበው። ኸስ ከሚባለው መልካም ሽታ ካለው ሥር የተሠራ ምንጣፍ በመስኮት ሰቅሎ ውሃ መርጨትም በሰሜን ሕንድ የቆየ ዘዴ ነው፤ በዚያው መንገድ ይሠራል። ማታ እግርህን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበህ መዳፉን በኮኮናት ዘይት እሸው።

ሺታሊ የሚሉትም የአተነፋፈስ ልምምድ አለ። ምላስህን እንደ ቱቦ አጥፈህ ጫፉን ከከንፈርህ አውጥተህ አየር በዚያ ትስባለህ፤ አፍህን ዘግተህ በአፍንጫህ ታስወጣለህ። ለጥቂት ደቂቃ፣ ንጹሕ አየር ባለበት፣ ረጋ ብለህ አድርገው። አስም ካለብህ ወይም አየሩ አቧራማ ከሆነ ይቅር። የሰውነትህን ሙቀት በዲግሪ ይቀንሳል ብለህ አትጠብቅ፤ የሚያበርደው ጭንቀትህን ነው።

በጋው አለፈ ብለህ ደግሞ አትዘናጋ። በአዩርቬዳ ፒታ የሚከማቸው በዝናቡ ወራት ነው፤ የሚነድደው ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሻራድ በሚሉት ወቅት ነው። በኛ አቆጣጠር መስከረምና ጥቅምት ገደማ መሆኑ ነው። እርጥበቱንና ብርዱን የለመደ ሰውነት ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው ያን ጊዜ ብጉሩም ማቃጠሉም ይብሳል ይላሉ። ሳይርቁ በቅርብ፣ ሳይደርቁ በእርጥብ እንደሚባለው በዚያ ወቅት ከመግባትህ በፊት ማዕድህን አስተካክል።

አሁን ወደ እንክብሎቹ። ዝርዝርህ ላይ አቪፓቲካር የሚባል ዱቄት አይቻለሁ። ለጨጓራ ማቃጠል የታወቀ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን ትሪቭሪት የተባለ የሚያስቀምጥ ሥርና ስኳር ነው። በየቀኑ ለወራት ከወሰድከው ሆድህን ሲያስቀምጥ ይኖራል። ሙሌቲ የሚሉት ጣፋጭ ሥርም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ቪሬቻና የተባለውን የማስቀመጫ ሕክምና ለፒታ ዋነኛው ነው ቢሉም ያለ ሐኪም በራስህ አትሞክረው፤ በዚያ ሙቀት ውሃህን ጨርሶ ያደርቅብሃል። ብሃስማ የሚል ቃል ያለበትን ጠርሙስ ደግሞ አትንካ፤ በብዛት ከብረታ ብረት የሚሠራ አመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል።

ሕክምናውን ከፈለግህ ከምንጩ ፈልገው። እዚያው ጉጃራት ውስጥ ጃምናጋር እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የአዩርቬዳ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሕንድ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለአገር በቀል ሕክምና ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አለው። ባምስ የተባለውን ዲግሪ የያዘ ሐኪም አምስት ዓመት ተኩል የተማረ ነው። ወደ እሱ ስትሄድ የምትወስደውን የሐኪም ቤት መድኃኒት ሁሉ ንገረው፤ ለሐኪም ቤቱም ዶክተር የአዩርቬዳውን ንገር።

የመጨረሻውን እንጨት ሆን ብዬ አቆየሁት፤ ቁጣ ነው። ቫግብሃታ ቁጣን ከሚያቃጥለውና ከሚኮመጥጠው ምግብ ጎን ለጎን እንደጻፈው ከላይ አንብበሃል። መድኃኒቱን ሲጽፍም ከቅቤውና ከወተቱ ጎን የጨረቃ ምሽት፣ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ዘፈን፣ ሳያስጨንቅ ደስ የሚያሰኝ ወዳጅ፣ ገና አፉን የሚፈታ ሕፃን ወሬ ሁሉ ቆጥሯል። ሐኪም ሆኖ ይህን ከመድኃኒት መቁጠሩን እወድለታለሁ። አንተ ባዕድ አገር፣ በሙቀት፣ ፈተና ተጭኖብህ ትኖራለህ፤ ከክፍል ጓደኛህ ጋር መጣላትህ፣ የደረትህ ማቃጠልና የእንቅልፍህ መጥፋት እርስ በርስ የሚመጋገቡ ናቸው። ስለዚህ ከድንብላሉ ውሃ እኩል ይህንንም ያዝ፤ ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ሳባርማቲ ወንዝ ዳር ወጥተህ ከአገርህ ልጆች ጋር ተመላለስ፤ እናትህ ዘንድ ደውለህ የታናሽ እህትህን ልጅ ድምፅ ስማ፤ ከጓደኛህ ጋርም ዛሬውኑ ታረቅ።

ስድስቱን እንጨት ጎትተህ፣ መጠጦቹን ይዘህ ሁለት ሳምንት ቆይ። ከቀለለህ ከእንክብሎቹ አንድም ሳትገዛ ድነሃል ማለት ነው። ካልቀለለህ ግን አንድ ቀን ሳትጨምር ሐኪም ቤት ግባና ደምህን አስመርምር፤ ውጤቱንም ጻፍልኝ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ የተማርክበትን ፍሬ ያሳይህ።